በሁዳዴ የተቆረሰ ኬክ

አክስቴ የደወለችልኝ በፋሲካ ጠዋት፣ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንቁላል ስልጥ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያለው እኔ ከምኖርባት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ራቅ ብሎ ስለሆነ፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን ባቡር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። ለአገሬው ሰው ዕለቱ ተራ እሑድ ነበር፤ የእነሱ ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል። እንቁላሉን ከቤት ቀቅዬ በቦርሳዬ የያዝኩት ጾሜን እዚያው ልፈታበት ነው።

እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። የአክስቴ ድምፅ ግን የበዓል ድምፅ አልነበረም።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አልኳት።

"ምንም አልሆንንም። ደኅና ነን። እናትሽ ብቻ።"

"እናቴ ምን?"

"አልቆረበችም።"

የሰማሁት ነገር ልክ አልመሰለኝም። "አሟት ነው?"

"ምን ያማታል፤ እንደ ጠቦት ስትዘል ነው ሁዳዴን የጨረሰች። አብረን ሄድን፣ አብረን አስቀደስን። ሰው ወደ ቁርባኑ ሲቀርብ እሷ ወደ ኋላ ሸሸች። ክንዷን ብይዛት 'ተይኝ' አለችኝ። ምነው ብላት ዝም። ቤት ገብተን ምነው ብላት ዝም። የምታውቂው ነገር ካለ ብዬ ነው የደወልኩ።"

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ የምትኖረው ማክሰኝት ነው፤ ፋሲካን ግን ሁልጊዜ ጎንደር ቀሐ፣ እናቴ ቤት ታሳልፋለች። ሐሜት የምትወድ ሴት አይደለችም። እሷ ከደወለች ነገሩ የምር ነው። እንቁላሉን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

የእናቴን ነገር ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ሊመስለው ይችላል። እናቴና አባቴ በሰሜን ደጋ፣ ገብስ ብቻ በሚበቅልበት አገር፣ በቁርባን የተጋቡ ሰዎች ነበሩ። አባቴ ካረፈ በኋላም እናቴ ቃሏን ብቻዋን ይዛ ቀጠለች። ልጅ ሳለን ሁዳዴ ሲገባ የወጥ ድስቶቿን በአመድ ፈትጋ በፀሐይ ታሰጣለች፤ የቅቤውን ቅል ከጓዳ አውጥታ ጎረቤት ታስቀምጣለች፤ ለሕፃናት ወተት የምትሰጥበት ዋንጫ ከእሷ ዕቃ ጋር አይገናኝም። ቅቤ የነካው እጅ በበሩ ሲያልፍ የምታውቅ ሴት ናት። በፋሲካ መቁረብ ለእሷ የዓመቱ መሰብሰቢያ ነው። ሌላው በዓል ሁሉ ቢቀርባት አትከፋም። ይህ ከቀረባት ዓመቱ ቀረባት ማለት ነው።

ባቡሩ ሳይመጣ ለወንድሜ ደወልኩ። ታናሼ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ አዘዞ አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ ከሚስቱ ጋር ይኖራል።

"ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" አልኩት።

"እትዬ፣ እኛ ዶሮው ላይ ነን" አለኝ።

ተመልከቱ እንግዲህ። "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" ብሎ መመለስ አፍ አያቃጥልም። እሱን ትቼ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

"እማዬ ለምን አልቆረበችም?"

"አልቆረበችም እንዴ?"

"አክፋይ ይዘህ ስትሄድ ምንም አልነገረችህም?"

"አክፋይማ፣ ዘንድሮ እንግዲህ ኬኩ ነበረ አይደል፤ ደርበነው ነው።"

አክፋይ በእኛ አገር ጎጆ የወጣ ልጅ ለፋሲካ ለእናት ለአባቱ የሚወስደው ነው። ያለው ሙክት፣ የሌለው ዶሮ፣ ምንም የሌለው ድፎ ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ጉልበት ይስማል፤ ተመርቆ ይመለሳል። ይሰጣል፣ ይመረቃል፣ አለቀ። ማንም አያጨበጭብም። አንድ ሰው እናንተ እናታችሁን የምታከብሩት መቼ ነው ቢለኝ ይህንን ነበር የምነግረው። ወንድሜ ግን በኬክ ደረበው።

ኬኩን ሲያነሣ ያ እሑድ ትዝ አለኝ።

እንግሊዞች የእናቶች ቀን የሚሉት እሑድ አላቸው፤ በእነሱ ጾም መካከል ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠርም ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። ሌላው ዓለም ሌላ ቀን አለው። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ፖላንዳዊቷ ባልደረባዬ የእኛ በግንቦት አጋማሽ ነው ትላለች፤ ሶርያዊቷ የእኛ ጸደይ በሚገባበት ዕለት ነው ትላለች። በየዓመቱ በዚህ ይከራከራሉ፤ እኔም አልገባበትም። ዘንድሮ ግን ኃላፊያችን ከኢንተርኔት ያወጣችውን "እናቶች በዓለም ዙሪያ" የሚል ወረቀት ከነባንዲራው መመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈችና ጠራችኝ። በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር፣ ልጆች ቅቤና አትክልት ይዘው ወደ እናታቸው እንደሚሄዱ፣ እናቶቹም ቅቤ እየተቀቡ ለቀናት እንደሚዘፍኑ ተጽፏል።

"ለአረጋውያኑ ትዘፍኝልናለሽ?" አለችኝ። "ትንሽ ቅቤም እናዘጋጃለን።"

"ይሄ የጉራጌ እናቶች በዓል ነው" አልኳት። "ሸጋ በዓል ነው ይባላል። እኔ ግን አይቼው አላውቅም፤ የጎንደር ሰው ነኝ።"

"ያው ኢትዮጵያ አይደል?"

"ነው። ግን እኛ ጋ የለም። ደግሞም ጾም ነው፤ ቅቤ አልነካም።"

"ታዲያ እናንተ ጋ ምን አለ?"

ምን ልበላት? ሰው ሲምል እናቴ ትሙት ይላል ልበላት? ለዕንቁጣጣሽ እንግጫ ነቅለን፣ ጎንጉነን፣ በእናታችን ራስ ላይ እናስር ነበር ልበላት? ስለ አክፋይ ጀመርኩላት፤ በግ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ ተውኩት። ቅቤውን ከምሳው ዳቦ ጋር አቀረቡት። ወረቀቱ እስካሁን አልተነሣም።

የዚያኑ ቀን የምንከባከባቸው አንዲት አዛውንት ልጃቸው መጣላቸው። ጎልማሳ ነው፤ በዓመት ከሁለት ቀን በላይ አይቼው አላውቅም። ቢጫ አበባ፣ ካርድና ቸኮሌት ይዟል። አዛውንቷ የእነሱን ጾም እንደ ደንባቸው ጣፋጭ በመተው ይጾማሉ። ሳጥኑን አዩና፣ "ጣፋጭ ትቻለሁ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጥልኝ፤ በፋሲካ እበላዋለሁ" አሉት። "እሺ እማ" ብሎ አስቀመጠው። ይኸው ነው። ማንም አላፈረ፤ ማንም አልተቀየመ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። እንዲህ በጥድፊያ መሄዱ አናዶኝ ነበር። ያቺ "አስቀምጥልኝ" የምትለው ቃል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጆሮዬ ቀርታለች።

ወንድሜ ከዚያ እሑድ ቀደም ብሎ ደውሎ ነበር። "ለእማዬ የእናቶች ቀን ልናከብርላት ነው፤ በአንቺ አገር ቀን ይሁን ብለናል፤ አንቺም በቪዲዮ ትገቢያለሽ።"

"በእኔ አገር? የእኔ አገር የት ነው? ሁዳዴ አይደለም እንዴ?"

"የጾም ኬክ አለ እኮ እትዬ። ጎንደር እንደተውሻት አይደለችም።"

"ከፋሲካ በኋላ አድርጉት።"

"ከፋሲካ በኋላማ የአንቺ ቀን ያልፋል።"

እኔ ቀን የለኝም፤ አልጠየቅሁም። እንዲያውም ተው አልኩ። እሱ ግን ሁሉንም ለእኔ ብሎ እንዳደረገው አድርጎ ነው ለሰው የሚያወራው።

ያን እሑድ በዕረፍት ሰዓቴ ስልኬን ከሠራተኞች ወጥ ቤት መስኮት ላይ አስደግፌ ገባሁ። የወንድሜ ሳሎን ታየኝ። ፊኛ ተሰቅሏል፤ ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጨርቅ አለ። የሥራ ባልደረቦቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ የሚስቱ እኅቶች ሶፋውን ሞልተውታል። እናቴን በመኪና ከቀሐ አምጥተው መካከል ላይ አስቀምጠዋታል፤ በሻሿ ላይ የወረቀት ዘውድ ደፍተውላታል። በጾም ወራት ዘውድ። እናቴ ዘውዱ እንዳይወድቅ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ፎቶ የምትነሣ ሙሽራ መስላ ተቀምጣለች።

ኬኩ ቀረበ። ነጭ ነው፤ በላዩ ቀይ ጽጌረዳ ተሠርቶበታል። እውነት ለመናገር ያምራል።

"ሁዳዴ አይደለም እንዴ ልጆቼ?" አለች እናቴ፤ ቀስ ብላ ነው፤ እየሣቀች።

"የጾም ነው እማዬ። አፍሽን ክፈቺ" አለ ወንድሜ።

አንዷ "ካሜራ፣ ካሜራ" አለች። ወንድሜ በእጁ ቆረሰና ዘረጋላት። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ልጇ በእጁ ያጎርሳታል፤ የትኛዋ የእኛ አገር እናት ናት አስቀምጥልኝ የምትለው? አፏን ስትከፍት አየሁ። ስትጎርስም አየሁ። ከሶፋው አንድ ወፍራም ድምፅ "አንድ ያጣላል" አለ፤ ሰው ሣቀ፤ ወንድሜ ሁለተኛውን ቆረሰ። እናቴ ስታኝክ ዓይኗ ትንሽ ሲቆም ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ፤ ፊቷ እንደዚያው እንደቆመ ስልኬ ላይ ቀረ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ የጾም ነው ተብሏል፣ ምን አገባኝ ብዬ።

የፋሲካ ዕለት ባቡር ጣቢያው ላይ ሆኜ ወንድሜን፣ "ያ ኬክ የጾም ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ኬክ ኬክ ነው እትዬ። ሰው እያየን ነው፣ በኋላ እንነጋገር" አለና ዘጋው።

ሲዘጋ ገባኝ።

በማግስቱ የደወልኩት ለሚስቱ ነው። ሆስፒታል ትሠራለች፤ ቅን ልጅ ናት፤ መዋሸት አይሆንላትም።

"እኔ ያዘዝኩት የጾሙን ነው እትዬ" አለችኝ። "ሊያመጣ የሄደው እሱ ነው። የጾሙ ምንም የሌለበት፣ ሜዳ የመሰለ ሆነበት። 'ይሄን ይዤ እህቴ ፊት ልቀርብ?' ብሎ ጽጌረዳ ያለበትን አስጠቀለለ። ሳጥኑን ስከፍተው ከጠረኑ የቅቤ መሆኑን አወቅሁ። እንግዳው ተቀምጧል፤ ስልኩ ተደግፏል፤ ምን ልበል?"

"ለእማዬስ ለምን አልነገርሻትም?"

"ባሌን በእናቱ ፊት ላሳጣው? አንቺ ብትሆኚ ታደርጊዋለሽ?"

አላደርገውም። እውነቷን ነው፤ ምራት አማቷ ፊት ባሏን አታሳጣም። ሁላችንም በሥርዓት ነው ዝም ያልነው፤ ይኼ ነው እርር የሚያደርገኝ።

ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተጨቃጨቅነው ማለት ይሻላል።

"አላወቀችም እኮ" አለኝ። "ሳያውቁ ለሠሩት ኃጢአት የለም ስትዪ አልነበር?"

"አላወቀችም፤ ግን ጠርጥራለች። ለዚህ ነው ያልቆረበችው። በጥርጣሬ አትቀርብም። ንገራትና ለነፍስ አባቷ ትናገር፤ የሚሰጧትን ቀኖና ትፈጽም፤ ያልቃል።"

"እንዲህ አደረግሁሽ ብዬ ልንገራት? ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ፣ መድኃኒቷን የምገዛ እኔ፤ አንድ ቀን ላክብራት ብዬ ጾምሽን አስገደፍኩሽ ልበላት? ታዝንብኛለች።"

"ስለምታዝን ነው እንግዲህ ያለ ቁርባን የምትኖረው?"

"አንቺ እንግሊዝ ተቀምጠሽ የጎንደርን ጾም ትቆጣጠሪያለሽ?" አለኝ።

ይህ ወጋኝ፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። እናታችን ቤት በር ላይ የሚደርሰው እሱ ነው። ዝናብ ሲያፈስ ጣራ ላይ የወጣው እሱ ነው። ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢሆን ይቀል ነበር። ወንድሜ እናቱን ይወዳል፤ ፎቶው ላይ እንዲታይ አድርጎ መውደድ ደግሞ ከየት እንደተማረው እንጃ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በፋሲካ ሰሞን እንዲህ መናደድ አልነበረብኝም።

እሱ እንቢ ሲል ራሴ ልንገራት ብዬ ለእናቴ ደወልኩ። ስለ ጤናዋ ጠየቅሁ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ ተናገርኩት።

"እማዬ፣ ያ ኬክ የፍስክ ነበር።"

"ማን ነገረሽ?"

የወንድሜን ሚስት ስም ማንሣት አልችልም፤ ቤት ይፈርሳል። "ሰው ነገረኝ" አልኩ።

"ሰው ማለት ማን? አንቺ ነበርሽ?"

"በስልክ አየሁ እኮ።"

"ስልክ ይሸታል እንዴ?" አለችኝ። "ልጄ የጾም ነው ብሎኛል። ያላየሽውን አትመስክሪ።"

"የጾም ከሆነ ታዲያ ለምን አልቆረብሽም?"

"ምላሴ ሌላ ስለነገረኝ ነዋ።"

"እንግዲያው ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ? ልጄ ዋሸኝ ብዬ? እሱ ቤት ገብተው ጸሎት የሚያደርሱ አባት ናቸው፤ በምን ዓይን ያዩታል? ቅቤ መሆኑን ካወቅሁ ጥፋቴ ብዬ እናገራለሁ። አለመሆኑን ካወቅሁ እቆርባለሁ። ሳላውቅ ግን በልጄ ላይ አልመሰክርም፤ ሳላውቅም አልቀርብም።"

"እስከ መቼ?"

"እሱ ያውቃል" አለችኝ፤ ፈጣሪን ማለቷ ነው። ከዚያ፣ "የላክሽው ቀሚስ ሸጋ ነው፤ ለዚያ ቀን ለብሼው ነበር፤ አየሽልኝ?" ብላ ወሬውን ቀየረችው።

እንድትነግራት አክስቴን ለመንኳት፤ እናቴ እሷንም አልነበርሽም ብላ መለሰቻት። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ እናቱን እንዳያሳዝን ዝም አለ፤ ሚስቱ ባሏን እንዳታሳጣ ዝም አለች፤ እናቴ ልጇን ውሸታም ላለማለት ዝም አለች። እኔ ብቻ ነኝ የምለፈልፈው፤ የእኔ ደግሞ አይሰማም፤ አልነበርኩማ።

ርክበ ካህናት አለፈ፤ ጰራቅሊጦስ አለፈ። አክስቴ ስትደውል እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከሴቶቹ መጨረሻ ዛፉ ሥር ትቆማለች፣ ወደ ውስጥ አትገባም ትለኛለች። ሰዉም ማየት ጀምሯል። "የእከሊት እናት ምን በድላ ይሆን" እየተባለ ነው። እናቱን ሊያከብር ዘውድ የደፋላት ልጅ ይህን አልሰማም፤ አዘዞ ድረስ አይሰማም መሰለኝ። የወረቀት ዘውዷን ግን ከእነ ሻሿ ፎቶ አንሥቶ ለዓለም ሁሉ አሳይቷል፤ እዚህ ያለችው ኃላፊዬ ሳትቀር አይታ "እንዴት ደስ ይላል" ብላኛለች።

አሁን ፍልሰታ እየመጣ ነው። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በእመቤታችን ጾም ሳትቆርብ ቀርታ አታውቅም። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

በዚያ ሳሎን የነበራችሁ፣ ሶፋው ላይ የተቀመጣችሁ፣ "ካሜራ፣ ካሜራ" ያላችሁ፣ "አንድ ያጣላል" ያልከው ሰው፣ የሳጥኑን ክዳን ያነሣችሁ፦ ያንን ኬክ እናንተም በልታችኋል፤ ሲገባ የሸተተውን አፍንጫችሁ ያውቃል። ዝም ማለት ለእናንተም እንደሚቀል አላጣሁትም፤ እኔ ለንስሐችሁ አልመጣሁም። እናቴ የምትሰማው የነበረን ሰው ብቻ ነው። ከእናንተ አንዱ ፍልሰታ ሳይገባ ወደ ቀሐ ይውረድ። በር ላይ ጫማውን ያውልቅ፤ ጉልበቷን ይሳም፤ "እማማ፣ እኔም ነበርኩ፤ እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ቅቤ ነበረው" ይበላት። ልጅሽ ዋሸሽ አትበሏት፤ እሱን እሷ ታውቅበታለች። ሌላ ቃልም አትጨምሩ። እባካችሁ፣ ምንም ይዛችሁ አትሂዱ።